የቴዦ ልጃገረድ

ባሌ ባልታዛር ገጣሚ ነው። የእኛ የፖርቱጋል ገጣሚ ደግሞ ግጥሙን ሲጀምር የጥንት ግሪኮችን የጥበብ አማልክት ከሩቅ ተራራ አይለማመጥም፤ ደጁ ላይ ከሚፈሰው ከቴዦ ወንዝ የውሃ ልጃገረዶቹን "ኑ፣ ቃል ስጡኝ" ብሎ ይጠራል። ባልታዛር ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራቸው ኖሯል። እኔ ዓሣ እየጠበስኩ እስቅበት ነበር።

"ዛሬስ የትኛዋ መጣች?" እለዋለሁ።

"ሽንኩርትሽ ሸቷቸው ተመለሱ" ይለኛል።

ልጃችን ኢዳሊና ጀልባ ተገልብጦባት ወንዙ ከወሰዳት ወዲህ ግን ብዕር አልነካም። አስከሬኗ ስላልተገኘ እኔም እርሜን አላወጣሁም። የምፈልገው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ይበርዳት እንደሆነ፣ እኔን ታስበኝ እንደሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ወንዙን ሲሸፍነው አላስችል አለኝ።

"የሌሉትን ስትጠራ ኖረህ፣ እዚያ ያለችውን ለምን አትጠራም?"

"እፈራለሁ፣ ፌሊስሚና።"

"የገዛ ልጅህን?"

"እሷንማ አይደለም። ራሴን ነው።"

ነገሩ አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈለግኩ። "ሰበብ አታብዛ። ጥራትና ስለኔ ጠይቅልኝ" ብዬው መስኮቱን ወደ ወንዙ ከፍቼለት ወጣሁ።

በሩ ላይ ተለጥፌ አዳመጥኩ። የልማዱን ጥሪ ጀመረ፤ ስሟ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ አንዲት ልጅ ታንጎራጉር ጀመር። ኢዳሊና ልብስ ስታሰጣ የማትለያት ዜማ ናት፤ መሐሉ ላይ ሁልጊዜ የምትስተውን ቦታ አሁንም ሳተችው። በሩን ልከፍት እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ሚስቱን ከሙታን አገር ሲያወጣት ዞር ብሎ ስላየ ብቻ ያጣትን የግሪኩን ዘፋኝ ታሪክ ባልታዛር ስንቴ ነግሮኛል። አላያትም አልኩ። እንዳትጠፋብኝ እየተንገበገብኩ ቆምኩ።

ብዕሩ ወረቀት ላይ ሲሮጥ ይሰማኛል። መሐል ላይ ሹክሹክታ ሰማሁ፤ ቃሉን ግን አልለየሁትም። እንጉርጉሮው እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ብዕሩ ግን አላቆመም።

ሲወጣ ፊቱ በርቷል። ኢዳሊና ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"ስሚማ" አለኝ ወረቀቱን ይዞ። "በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጽፌ አላውቅም።"

"ስለኔ ጠየቅካት?"

ወረቀቱን የያዘው እጁ ወረደ።

"ሳልጠይቃት ራሷ 'እማማን…' ብላ ጀምራ ነበር" አለኝ። "ስንኙ እንዳያመልጠኝ፣ ቆይ አልኳት።"