ዳማከሴ በጸጋዬ አፍንጫ

ካርቱም፣ ሳጃና የሚባል ሰፈር ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር፣ የሰፈሩ ሐበሻ ጉንፋን ሲይዘው የሚሮጠው እኔ ዘንድ ነበር። ደጃፌ ላይ በጣሳ የተከልኩትን ዳማከሴ ጨምቆ አፍንጫ ውስጥ ጠብ ማድረግ ነው፤ ኻላስ፣ አለቀ! “የየሻሽወርቅ እጅ መድኃኒት ነው” ሲሉኝ ልቤ ያብጣል። ምን ይደረግ፣ ሙገሳ እወዳለሁ።

የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት የታናሽ ወንድሜ የጸጋዬ አፍንጫ ተዘጋ። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር አናጺ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የእንጨት ብናኝ ሲምግ ይውላል። ጠዋት ጠዋት አንገቱን አቃንቼ ዳማከሴ በነጭ ሽንኩርት አንጠባጥብለት ጀመር።

“እትዬ፣ አቃጠለኝ!”

“ያቃጥልሃ! ካላቃጠለ በምን ያጸዳል?”

አምስት ወር እንዲህ ቆየን። አንድ ቀን ነሰረው፤ በማግስቱም ደገመው። ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር፣ ዘሃራ የምትባል የአፍንጫ ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። የሱ ዐረብኛ ከመዶሻና ከምስማር ስለማያልፍ አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ።

ዘሃራ በቀጭን ካሜራ አየችና ፊቷን አኮሳተረች። “ያበጠ ሥጋ አለ። ቆንጥሬ ለምርመራ እልካለሁ። ካንሰር ሊሆንም ላይሆንም ይችላል” አለችኝ።

“ምን አለች?” አለኝ ጸጋዬ።

“ትንሽ ቁስል ናት” አልኩት። ምን ልበለው?

“የአፍንጫ ሽፋን ጠባቂ ፕሮቲኖች ያመነጫል” አለች ዘሃራ፤ “ጀርም ይከላከላሉ፣ ብግነትንም፣ የሽፋኑን መቆጣትና ማበጥ ማለት ነው፣ ያበርዳሉ። ብግነት ለዓመታት ሲቆይ ለካንሰር በር ሊከፍት ይችላል። ከአፍንጫ ጀርባ በሚወጣ አንድ ካንሰር ውስጥ ከፕሮቲኖቹ አንዱ አንሶ ተገኝቷል፤ ለምን እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። የሱ ሽፋን ግን የተላጠ ይመስላል። የሚያደርግበት ነገር አለ?”

ወይ ጉዴ! ንፍጥ እያልኩ የማጥበው ለካስ ዘበኛውን ኖሯል! አፈርኩ። እሱን ሳልጠይቅ “ምንም” አልኳት።

ውጤቱ በዐሥር ቀን ይደርሳል ተባለ። ዳማከሴውን ነቅዬ ጣልኩት፤ ለጸጋዬ ግን ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። በአራተኛው ቀን ሸሚዙ በደም ርሶ መጣ።

“እትዬ፣ ያንቺን ባጣው ከጎረቤት ለምኜ በቀን ሁለቴ አደረግሁ። ትንሽ ቁስል ናት ብለሽ የለ? ቶሎ ይድረቅ ብዬ ነው።”

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የሚያድን መስሎኝ አቆሰልኩት፣ የሚያጽናና መስሎኝ ዋሸሁት። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ካንሰር የሚለውን ቃል ጭምር ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸብኝም፤ ሸሚዙን አውልቆ ራሱ ሊያጥብ ወጣ። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ለዘሃራም ተናዘዝኩ። “ያ ኻልቶ፣ አክስቴ፣ ይህንን ያኔ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር” አለች እንጂ አልተቆጣችም። ያን ጭማቂ በፍጹም እንዳይነካ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እንዲታጠብ፣ ሥራ ላይም ማስክ እንዲያደርግ አዘዘች። እኔም ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ደሙ እያደር ቀነሰ፤ ቅዳሜ ለት የጎረቤት ወጥ ሸተተኝ ሲለኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

በውጤቱ ቀን ዘሃራ በካሜራዋ ደግማ አየችውና ወረቀቱን ዘረጋች። አፏን ሳትከፍት ጸጋዬ ትከሻዬን ያዘኝ።

“እትዬ፣ በሞቴ፣ አንቺ ዝም በይ።” ከዚያ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው “ዶክቶራ፣ ሰረጣን?” አላት። ካንሰር ነው ወይ ማለቱ ነው።

“ማፊ! የለም። ብግነት ብቻ ነው። ሽፋኑ ራሱን እየጠገነ ነው” አለች ዘሃራ፣ እሱ እንዲገባው ቀስ ብላ።

ጸጋዬ ረጅም ትንፋሽ በአፍንጫው ሳበ፤ በሁለቱም ቀዳዳ። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም። ዘወር ብሎ እጄን ያዘኝ።

“ገብቶኛል” አለኝ። “ግን ተርጉሚልኝ። ካንቺ አፍ ልስማው።”