በምርቃት የታተመ ወረቀት

"እትዬ ማናዬ፣ ያን ዕለት አሻራዎን ያሳረፉበት ወረቀት ምን ይላል?"

ይህን የጠየቀቻት የሕግ ተማሪዋ ልዕልት ናት። "የጫማ ነው" አለች ማናዬ።

እውነትም ጫማ ነበረበት። በጥር አንድ ጠዋት የጽዳት ኤጀንሲው ተቆጣጣሪ አያ በላቸው አሥራ ስምንቱን የዩኒቨርሲቲ ዶርም ጽዳት ሠራተኞች ሰብስቦ የእግራቸውን ቁጥር ጠየቀ። "ሠላሳ ስምንት" አለች ማናዬ። ቁጥሩን ጻፈና ወረቀት አቀረበላት፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች፤ ሌሎቹም እንዲሁ። በሳምንቱ የላስቲክ ቦቲ መጣ። ሴቶቹ በላቸውን ከበው፣ "ዕድሜ ይስጥህ! ልጆችህን ያሳድግልህ!" እያሉ መረቁት። እሱም ቆቡን አውልቆ "አሜን፣ አሜን" አለ።

የወረቀቱን ቅጂ ፈልጎ ያገኘው ልዕልት አባል የሆነችበት የተማሪዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ክበብ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሠራተኞቹን ፊደል የሚያስተምረውም እሱ ነው። ዛሬ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ክበቡ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የማኅበራዊ ፍትሕ ቀን ያከብራል። ማናዬ ፊተኛው ወንበር ላይ ቅጂውን ይዛ ተቀምጣለች። ደጋግማ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች።

ልጇ ምስጢር እዚያው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ከኋላዋ ጎንበስ ብላ፣ "እማዬ፣ ከፈራሽ ልዕልት ታንብበው" አለቻት።

"እኔ የምፈራው ለአንቺ ነው። ከትምህርትሽ ቢያባርሩብኝስ?"

"እናቱ አነበበች ተብሎ የተባረረ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

ማናዬ ሳትወድ ሳቀች። ስሟ ሲጠራ ተነሣች። መነጽር የላትምና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው።

"እኔ... ስሜ... ከላይ የተጠቀሰው ሠራተኛ... ሰኔ ሠላሳ ቀን... ሥራዬን... በራሴ ፈቃድ... እለቃለሁ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ ማጨብጨብ ሲጀምር ማናዬ እጇን አነሣች።

"ቆዩ እንጂ፣ አልጨረስሁም!" ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷ ግን ጣቷን ከመስመሩ ላይ አላነሣችም። "ይህንንም... አንብቤና ተረድቼ... በአሻራዬ አረጋግጣለሁ።" ቀና አለች። "ያተምሁት በጥር ነው። ያነበብሁት ግን ባለፈው ሳምንት፤ ያውም ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ። ለዚህም እነዚህን ልጆች እግዜር ይስጥልኝ።"

የዩኒቨርሲቲው ተወካይ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ሳያነቡ ያተሙ ሠራተኞች እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስማቸውን ያስመዝግቡ። ጉዳያቸውን ከኤጀንሲው ጋር እናየዋለን። ምን ውጤት እንደሚመጣ ግን አሁን ቃል መግባት አልችልም። ያልተመዘገበ ሰው ወረቀት ደግሞ እንደ ጸና ይቆጠራል" አሉ።

በላቸው ከበሩ ሆኖ ተጣራ፦ "በሉ ተነሡ! ሽንት ቤቱን ማን ሊያጥበው ነው?" ከዚያ ወደ ማናዬ ዞረ። "አንቺማ ሊቅ ሆነሻል አሉ!"

"ማክሰኞና ሐሙስ ነው አያ በላቸው። አንተም ና፣ ወንበር አለ።"

በላቸው እንኳ ፈገግ አለ። ግን ሰባት ሴቶች ተነሥተው ተከተሉት። የመጨረሻዋ ንባቡ ካለቀ በኋላ የደረሰችው መንበረ ነበረች፤ ስምንት ወር የገፋ ሆዷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ማናዬን ሳታይ ወጣች።

አሥራ አንዱ ሴቶች ተራ በተራ ተመዘገቡ። ማናዬ ስሟን በራሷ እጅ ጻፈች። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ልዕልት ሰዓቷን አየች።

"እትዬ፣ መንበረ ስለፈራች እንጂ ጠልታ አይደለም። ሰዓቱ ሊያልፍባት ነው፤ እርስዎ ይጻፉላት።"

ማናዬ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ መልሳ አነሣችው።

"አይሆንም ልጄ። ምን እንደሆነ ሳትሰማ ስሟን አላስገባም።"

ልዕልት ፊቷ ቀላ። "ልክ ነዎት። ይሂዱ፤ መዝገቡን እንዳይዘጉት እኔ እዚሁ እቆያለሁ።"

መንበረ ሰባተኛው ሕንፃ ደረጃ ላይ ውሃ ትጠርጋለች።

"ምነው ጥለሽን ወጣሽ?" አለች ማናዬ።

"የመረቅሁትን ሰው ልክሰስ? በአፌ አይደል ልጆችህን ያሳድግልህ ያልሁት! ምርቃቴን አፍርሼ በልጄ ላይ ቢዞርብኝስ?"

ማናዬም ሦስት ሌሊት ይህንኑ ስታስብ አድራለች።

"ምርቃቱን አንወስድበትም" አለች። "ልጆቹ ይደጉለት። የምናስመልሰው አሻራችንን ነው። መጥረጊያውን አስቀምጪና ቁጭ በይ፣ ላንብብልሽ።"

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማናዬ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ከአዳራሹ ይልቅ እዚህ ድምፅዋ ጸና።

"ሰኔ ሠላሳ?" አለች መንበረ። "እኔ የምወልደው በዚያው ሰሞን ነው። እስቲ ድገሚልኝ።"

ማናዬ ደገመችላት።

"ለኔ ጡቷን እንዳጠባችኝ እናት ሆንሽልኝ" አለችና መንበረ የደረጃውን ብረት ይዛ ተነሣች። "ነይ፣ ሳይዘጉት እንሂድ። ቀስ ብለሽ ግን፣ መሮጥ አልችልም።"

ኤጀንሲው የተመዘገቡትን ወረቀት ሰረዘ። ሐምሌ ሲገባ አሥራ ሁለቱ ሴቶች ሥራቸውን አላጡም፤ መንበረ ወንድ ልጅ ወልዳ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። በላቸውን ተከትለው ከወጡት መካከል ስድስቱ ግን ስላልተመዘገቡ ወደ ሥራቸው አልተመለሱም፤ ሁለቱ ወደ ትውልድ ቀያቸው አምባ ጊዮርጊስ፣ አራቱ ወዳልታወቀ ስፍራ ሄዱ። ልዕልትም ተመርቃ ሄደች። በላቸው ግን አልሄደም፤ ዛሬም ተቆጣጣሪ ነው።