ዲሽ ይነሳ የተባለ ጊዜ

ፈትያ አብዱልናስር ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ያስቸግራታል። ቴሌቪዥን ላይ ነው የምሠራው ስትል፣ ታዲያ መቼ ነው የምትታዪው ይሏታል። መሥሪያ ቤቷ ቦሌ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ መስታወት ሕንጻ ላይ ነው። እዚያ ቁጭ ብላ የምታስበው የአገሩ ሰው ወደፊት ቴሌቪዥን በምን በኩል እንደሚያይ ነው፤ በአንቴና፣ በዲሽ ወይስ በኢንተርኔት። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ረቂቅ ፖሊሲ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ መልሳ ስትጽፍ ኖራለች።

ከአንቀጾቹ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ስለ ዲሽ የጻፈችውን ነበር። የአገር ውስጥ ቻናሎች ከምድር አንቴና ቴሌቪዥኑ ላይ በሚሰካ ትንሽ ዲኮደር ጥርት ብለው ከገቡ፣ በኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ የተደረደረው ያ ሁሉ ዲሽ በሂደት ይነሳል ይላል። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራት። ባለፈው ክረምት በሰፈራቸው አንድ ዲሽ ነፋስ ነቅሎት የቆመ መኪና ላይ ወርዷል። መኪናው የጎረቤታቸው የሃይደር ነው፤ ሃይደር ደግሞ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ላገኘው ሰው ሁሉ ይናገራል።

ረቂቁ መጀመሪያ በአንድ ሕንጻ ላይ ይሞከር ሲባል፣ አለቃዋ አቶ ዋቅጅራ ብዙም ሳይቸገሩ ገርጂ ያለውን የእነ ፈትያን ብሎክ መረጡ። ባለሙያዋ እዚያው ስለምትኖር ለክትትል ይመቻል አሉ። ፈትያ ሐሳቡን አልጠላችውም። ለእናቷ መንገሩ ነው የከበዳት።

እናቷ ወይዘሮ ሸምሲያ ከወሎ ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። መገናኛ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ቤት ሲሆኑ ቴሌቪዥናቸው ከአንድ ቻናል ንቅንቅ አይልም፤ መካን ቀንና ሌሊት በቀጥታ ከሚያሳየው። ሽሮ ሲያማስሉም፣ ልብስ ሲያጣጥፉም ሰዉ ካዕባን ሲዞር በዓይናቸው ጫፍ ያያሉ። ወንድማቸው ሐሩን ሐጅ የሄደ ዓመት፣ በአረማመዱ ለየሁት ብለው ፎቁን በሙሉ ጠርተዋል። ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ገንዘቤ በነጠላ ጫማ ሮጠው መጥተው፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እኔም አየሁት ብለው መሰከሩ። ሐሩን ሲመለስ ተጠየቀና በዚያ ሰዓት ተኝቶ እንደነበር ተናገረ። ሁለቱ ሴቶች ግን አላመኑትም።

ወይዘሮ ገንዘቤ ጴንጤ ናቸው፤ የሆሳዕና ሰው። የእሳቸው ቴሌቪዥን ከመዝሙርና ከስብከት ቻናል አይወጣም። ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለ ድምፅ ማንም ያልጻፈው ስምምነት አላቸው፤ አዛን ሲሆን ያኛው ቤት ዝቅ ያደርጋል፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ይኼኛው። የሁለቱም ቻናል የሚመጣው ከሳተላይት ነው። ስለዚህ ዲሹ ከተነሳ ሁለቱም አይኖሩም። ይህን ፈትያ አሳምራ ታውቃለች።

ሕንጻው በር ላይ የውይይት ማስታወቂያ በተለጠፈ ማግስት እናቷ ስለ ዲሹ ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቋት። ፈትያ ገና ረቂቅ ነው አለችና ስለ ዘይት ዋጋ ማውራት ጀመረች። እናቷም ዳግም አልጠየቋትም። ይህ ሊያሳስባት ይገባ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የብሎኩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ከተጠበቀው በላይ ሞላ። ፈትያ ከአቶ ዋቅጅራ ጎን መድረክ ላይ ተቀምጣ ማቅረቢያዋን ስታስተካክል ቀና ብትል፣ እናቷና ወይዘሮ ገንዘቤ አንደኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ለሠርግ የሚለብሱትን ለብሰዋል።

አቶ ዋቅጅራ ሰው የሚወዱ፣ ሳቃቸው ኮሪደር የሚሞላ ሰው ናቸው። በስብሰባ ግን የማይነቃነቅ ሕግ አላቸው፤ መድረክ ላይ «አይሆንም» አይባልም። ምንም ጥያቄ ቢመጣ «እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» ተብሎ ይታለፋል። ፈትያም ይህን ከእሳቸው ተምራ ስንት ስብሰባ ተወጥታበታለች።

ገለጻዋን በሰላም ጨረሰች። ጥያቄ ሲባል መጀመሪያ እጃቸውን ያነሱት ወይዘሮ ሸምሲያ ናቸው። ማይኩን ተቀበሉና ልጃቸውን ትክ ብለው እያዩ፣

«አንቱን ነው የምጠይቀው» አሉ። «ይህ አዲሱ ዕቃ ሲገባ መካን የሚያሳየው ቻናል ይኖራል ወይስ አይኖርም? የእሷስ የመዝሙሩ?»

እናትና ልጅ መሆናቸውን የሚያውቁት የብሎኩ ሰዎች ሳቃቸውን ያዙ። የፈትያ ጆሮ ጋለ። ከተወለደች ጀምሮ እናቷ አንቱ ብለዋት አያውቁም። የምትለውን አስባ ሳትጨርስ አቶ ዋቅጅራ ቀደሟትና ጥሩ አስተያየት ነው፣ እንደ ግብዓት ወስደነዋል አሉ።

«ወስዳችሁ የት ታደርሱታላችሁ?» አሉ ወይዘሮ ሸምሲያ፣ በትሕትና።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አቶ ዋቅጅራ ራሳቸው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ወዲያው ወደ ሌላ ጠያቂ ጠቆሙ። ፈትያ ግን እናቷን አየች። አልሳቁም። ማይኩን እንደያዙ መልስ እየጠበቁ ቆመዋል። ወይዘሮ ገንዘቤም ቀስ ብለው አጠገባቸው ቆሙ።

ፈትያ የመድረኩን ማይክ ወደ ራሷ ሳበች።

«አይኖርም» አለች። «ረቂቁ እንዳለ ከጸደቀ ሁለቱም ቻናሎች አይኖሩም። ያንን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ዋቅጅራ በጠረጴዛው ሥር እግሯን በእግራቸው ነካ አደረጉ። ጊዜው ግን አልፏል። አዳራሹ ሁሉ ባንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። ኳስ የሚያይበት ቻናል የሚቀርበት አለ፤ ልጆቹ የሚያዩት ካርቱን ያሳሰበው አለ። ሃይደር ተነስቶ የመኪናውን ታሪክ ከነፋሱ ጀምሮ ተረከ። ሰው ሁሉ ሊያስቀምጠው ሲል፣ እኔ የማንንም ቻናል አልጠላም፣ የምጠላው ከላይ የሚወርደውን ብረት ነው ብሎ ተቀመጠ።

ያኔ ፈትያ አንድ ነገር ትዝ አላት። በመጀመሪያው ጽሑፏ ውስጥ፣ ለሕንጻው በሙሉ ሁለት ትልልቅ የጋራ ዲሾች በደንብ ታስረው ይተከሉ፣ ከእነሱም ወደየቤቱ ገመድ ይውረድ የሚል ሐሳብ ነበር። ረቂቁ ረዘመ ሲባል ቆርጣ ያወጣችው ራሷ ናት። ተነስታ ይህንኑ አስረዳች። ገመዱ በየት እንደሚያልፍ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠራ፣ ኪራይ ቤት የሚኖረውስ እንዴት እንደሚሆን ተጠየቀች። የምታውቀውን መለሰች፤ የማታውቀውን አላውቅም አለች። ውይይቱ ከታሰበለት ሰዓት አልፎ ሄደ፤ ለሻይ የተዘጋጀው ብስኩትም ሳይነካ ቀረ።

ወደ ቦሌው መሥሪያ ቤታቸው የተመለሱት በአቶ ዋቅጅራ መኪና ነው። ኢምፔሪያል ጋ የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው አቶ ዋቅጅራ፣

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ስብሰባ መርቼ አላውቅም» አሉ።

ተቆጥተው ይሁን ተደንቀው አልገባትም። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል እሳቸው ቀጠሉና፣ የጋራ ዲሹን አንቀጽ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው አሏት። ቀጥሎም ባላቸው ሳቅ ሁሉ ሳቁ። እናትሽ ግን መንግሥት መሥሪያ ቤት ቢገቡ እኔ ሥራ አጥ ነበርኩ አሉ።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ፈትያ ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ለምን አንቱ አልሽኝ?»

«መድረክ ላይ መንግሥት ሆነሽ ተቀምጠሽ ነበራ» አሉ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ቀድመሽ ቤት ብትነግሪኝ ግን እዚያ ድረስ አልመጣም ነበር።»

ፈትያ እጃቸውን ሳመች፤ እሳቸውም በሽንኩርት እጃቸው ጉንጯን ዳበሱና ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ።

የተሻሻለው አንቀጽ ለበላይ አካል ሲቀርብ ማንም ብዙ አልተከራከረበትም፤ ለሙከራ ተፈቀደ። የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ የብሎኩ ዲሾች አንድ በአንድ ወረዱ። ሁለቱ ትልልቆች በወፍራም ብረት ታስረው ተተከሉ፤ ሃይደር እየዞረ ብሎኑን በእጁ እየነቀነቀ ሞከረ። ጣሪያው ባዶ ሲሆን ለካ ስፋቱ ይህን ያህል ነው ተባለ። ሴቶቹ ልብስ ማስጫ አደረጉት፤ ወደ ቦሌ የሚወርደውን አውሮፕላን ለማየትም ሰው ይወጣ ጀመር።

አቶ ዋቅጅራ ሙከራውን ሊጎበኙ መጡና ወይዘሮ ሸምሲያ ቤት ምሳ ቀረበላቸው። መካን አዩ፤ ተሻግረው ወይዘሮ ገንዘቤ ቤት መዝሙር ሰሙ፤ የአገር ውስጥ ዜናውንም በዲኮደሩ አዩ። ምስሉ ጥሩ ነው አሉ። ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ፈትያን ጎተት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ። ሁለተኛው ሙከራ ሳሊተ ምሕረት፣ የእሳቸው ብሎክ ላይ ቢሆን ምን ይመስልሻል ሲሉ ጠየቋት። ባለቤታቸው ስለ ጋራ ዲሹ ሰምታ፣ ለእኛም ይተከልልን እያለች ሰላም ነስታቸዋለች።