የማሂራ ስኩተር

እኔ ሐምዱ እባላለሁ። ሶማሌ ተራ ጀርባ፣ ጎማ ከሚለጥፉት አጠገብ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ሙያዬን የሚክደኝ የለም፤ ካለም ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። ይሄን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። የምነግራችሁ ነገር ባለማወቅ የተደረገ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። አውቄ ነው ያደረግኩት። ስዋሽም አውቄ ነው የዋሸሁት።

ነገሩ የሆነው በ2002 ነው፣ የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሰሞን። አንድ ቀን ጠዋት ማሂራ ስኩተሯን ይዛ መጣች። ማሂራን ሰባተኛ አካባቢ የማያውቃት የለም። ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ትሸጣለች፤ ለልብስ ሰፊዎቹ በየሱቃቸው ዞራ የምታደርሰው ራሷ ናት። ግራ እግሯን በልጅነቷ ልምሻ መቶታል። በእግሯ ስትሄድ ከአንዱ ሰፊ ሌላው ጋ እስክትደርስ ቀኑ ይመሽባት ነበር። እቁብ ጠብቃ ያቺን የቻይና ስኩተር ስትገዛ መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ቆሞ ያያት ጀመር። ሴት ልጅ፣ ያውም በዚያ እግሯ፣ ሒጃቧን ከኋላ ቋጥራ፣ ካርቶኗን አስራ፣ በጭነት መኪናው መሀል! መንገድ ለማይለቅላት ኩሊ የምትሰጠው መልስ ደግሞ አያድርስ ነው። ስኩተሩ ላይ ስትቀመጥ ማንም አንካሳ አይላትም ነበር። እሷም ይሄን ታውቃለች።

«ሐምዱ፣ ይሄ ነገር ገደለኝ» አለችኝ። «ዳገት ላይ ከቆመበት አልነሳ ይላል። ከኋላዬ ጡሩንባ ይነፋብኛል፣ እኔ ነዳጁን እስከ ጥግ ጠምዝዤ፣ ቁጭ! ቺንጋው ይሆን?»

«ለእኔ ተይው» አልኳት።

ቺንጋው ነበር። የላስቲክ ቀበቶው ተበልቶ ተበልቶ ክር ሊሆን ምንም አልቀረውም። አዲስ አስገብቼ ብሰጣት ጉዳዩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። በእኔ ላይ ግን አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

ስኩተር እንደ ሌላው ሞተር ማርሽ የለውም። የጎኑን ክዳን ስትከፍቱት ቺንጋ አለ፤ ቺንጋውን እየገፉ የሚሠሩት የአውራ ጣት ጫፍ የሚያካክሉ ስድስት ሮለሮች ናቸው። ሮለሮቹ ከባድ ከሆኑ ሞተሩ የተረጋጋ ነው፣ ሲነሳ ግን ሰነፍ ነው። ከቀለሉ ይጮሃል፣ ግን ይነሳል። ከኋላ ደግሞ ፍሪሲዮኑ አለ። የእሱን ሦስት ሞላዎች አውጥታችሁ ጠንካራ ካስገባችሁበት፣ ሞተሩ ጉልበቱን ሰብስቦ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ይሄን በሁለት ጎረምሶች ሞተር ላይ ሠርቼ ተጨብጭቦልኛል። ጭብጨባ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፣ አንዴ ከቀመሱት።

ስድስት ትርፍ ሮለር ነበረኝ። ይዤ ጋሽ ውቤ ዘንድ ተሻገርኩ። ጋሽ ውቤ ከእኔ ፊት ለፊት ቶርኖ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ብረት ይቆርጣሉ፣ ይበሳሉ፣ ከዚያ ያለፈ ወሬ አያበዙም።

«መሀላቸውን ሰፋ አድርገው ይብሱልኝ፣ ይቅለሉ» አልኳቸው።

«የማን ነው?»

«የማሂራ።»

«ነግረሃታል?»

«ለሴት ልጅ ስለ ሮለር ምን ብዬ ላስረዳት፣ ጋሽ ውቤ? ስትነዳው ታየዋለች፣ ትመርቀኛለች።»

መነጽራቸውን አስተካከሉና በሱልኝ።

አዲሱን ቺንጋ፣ የቀለሉትን ሮለሮችና ጠንካራ ሞላዎች ገጣጥሜ ስጨርስ ራሴ ወጣሁበት። ዳገቱን ሽው ብዬ ወጣሁት! ጎማ የሚለጥፉት ልጆች ሥራቸውን አቁመው ጮሁ። «ሐምዱ፣ ይቺን አህያ ፈረስ አደረግካት!» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሁለቴ ተመላለስኩ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። እኔ ዘጠና ኪሎ ነኝ፤ እሷ ከነካርቶኗ ስልሳ አትሞላም። በእኔ ክብደት ፈረስ የሆነው በእሷ ክብደት ምን እንደሚሆን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከዚህ የባሰው ደግሞ እጇ ነው። ስኩተሩ አልነሳ ስለሚላት ነዳጁን እስከ ጥግ መጠምዘዝ ለምዳለች። ራሷ ነግራኝ የለ! በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ማሂራ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀስ በይ» ብላት ምን ነበረበት? አምስት ቃል ነው። አልነገርኳትም። ለምን በሉኝ። ደንግጣ፣ ተገርማ፣ ዞራ መጥታ «ሐምዱ፣ ምን አደረግከው?» እንድትለኝ ፈልጌ ነው። መደነቅ አምሮኝ ነው! አሥር ሰዓት ላይ ስትመጣ የቺንጋ ብቻ ብዬ ሂሳብ ተቀብዬ፣ ስኩተሩን እስከ ታክሲው መንገድ ድረስ ገፍቼ ሰጠኋት። ደክሟት ስለነበር ቀስ ብላ ቁልቁል ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት አትክልት ተራ ጫፍ ላይ ቲማቲም የጫነ ጋሪ ለማሳለፍ ቆመች። ስትቆም ደህናውን ቀኝ እግሯን ነው መሬት የምታስረግጠው፤ ሌላ የሚያቆማት እግር የላትም። ጋሪው አለፈ። እንደ ልማዷ እስከ ጥግ ጠመዘዘችው። ስኩተሩ ከሥሯ ተፈናጥሮ ወጣ፣ እሷ በአንድ እግሯ ስትንጠለጠል ተገለበጠና እዚያው እግሯ ላይ ወደቀ። ቁርጭምጭሚቷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ደህናው እግሯ!

እሷን ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ስኩተሩን በጋሪ ጭነው እኔ ጋ አመጡት። መካኒኳ እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። የሆነውንም ነገሩኝ። ሰው የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ሐኪም ቤት ይሮጣል። እኔ ምን አደረግኩ? ሰዎቹ ዞር እስኪሉ ጠብቄ ክዳኑን ከፈትኩ። የቀለሉትን ስድስት አውጥቼ የድሮዎቹን መለስኩ። ሞላዎቹንም መለስኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቀና ስል ጋሽ ውቤ ቶርኖውን አጥፍተው ከበራቸው ላይ ያዩኛል። ተመልሰው ገቡ።

ከዙህር ሰላት በኋላ ታላቅ ወንድሟ አዩብ መጣ። አዩብ ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍል፣ ሰው የሚያከብረው ነጋዴ ነው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ማሂራ ዘለለብኝ ትላለች። ሞተሩን ምን አደረግከው?»

«ቺንጋ ቀየርኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«ወላሂ በል።»

እኛ ሰፈር ወላሂ ሳይባልበት የሚሸጥ ዕቃ የለም፤ አፋችን ላይ እንደ ማስቲካ ነው። ግን ሰው ዓይንህን እያየ ወላሂ በል ሲልህ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ማንን እንደምትጠራ ታውቃለህ። ጎማ የሚለጥፉት ልጆች ከበው ቆመዋል። ትናንት ፈረስ አደረግካት ያሉኝ ልጆች ናቸው፤ ውስጡን ምን እንደነካሁ ግን አንዳቸውም አያውቁም፣ አዲስ ቺንጋ እንዲህ የሚያደርግ መስሏቸዋል። ስሜን አሰብኩ። ደንበኞቼን አሰብኩ። እሷን አላሰብኳትም።

«ወላሂ» አልኩ።

በዚህ መች በቃኝ! «እጇ ችኩል ነው፣ አዩብ» አልኩት። «ሞተር ደግሞ በዚያ እግር... እኔ እኮ ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም ነበር።» ማን ጠየቀኝ? ማንም አልጠየቀኝም!

አዩብ ራሱ ወጣበትና ተራውን ዞረ። ስኩተሩ ቀስ ብሎ ሄዶ ቀስ ብሎ ተመለሰ። «ይሄ ነው የዘለለው? ይሄ ኤሊ?» አለና ሳቀ። ልጆቹም፣ ከውድቀቱ የደከመ መስሏቸው፣ ሳቁ። አብሬ ሳቅኩ። እስካሁን ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ ሳቄ ነው።

ከዚያ በኋላማ ወሬው ተራውን ሞላው። ሴት ልጅን ሞተር ማን ንጂ አላት፣ ዱሮም አይሆንም ብለን ነበር፣ አላህ አተረፋት። ማሂራ ከአልጋዋ ላይ «ዘለለብኝ፣ እመኑኝ ዘለለብኝ» ስትል እናቷ እንኳን አላመነቻትም አሉ። ሁለት ወር በጀሶ ተኛች። ሰፊዎቹ ክር የሚያመጣላቸው ሌላ ሰው አገኙ። እኔ ልጠይቃት አልሄድኩም፤ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ላክሁላት። ጉድ በሉ! እግሯን ሰብሬ ብርቱካን!

ነሐሴ ሆነ፤ ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ቀረው። እኛ ዘንድ ከጾሙ በፊት ይቅር መባባል አለ። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ነጋዴ ለነጋዴ «አፉ በለኝ» ይባባላል፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ መጾም ከባድ ነው። ብዙው ሰው ለወጉ ነው የሚለው። እኔም ጠዋት ላይ ለአሥር ሰው ያህል ብዬ ነበር፣ እጄን ጨርቅ ላይ እየጠረግኩ።

ከአስር ሰላት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ማሂራን አየኋት። በዱላ ነው የምትሄደው። ጭቃውን እየመረጠች፣ በየሁለት እርምጃው እያረፈች፣ ወደ እኔ ትመጣለች። ስለ ሮለሩ ያወቀች መሰለኝ። ወላሂ፣ ደስ አለኝ! አሁንም ወላሂ እላለሁ፣ እመኑኝ አትመኑኝ። ትስደበኝ፣ በዚያ ዱላ ትምታኝ፣ ይለቅልኝ አልኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐምዱ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ቁጭ በይ፣ ማሂራ፣ ቁጭ በይ።» በርጩማ አቀረብኩላት። አልተቀመጠችም።

«አፉ በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት» አለች። «ጠርጥሬህ ነበር። ወላሂ ብሎ ምሎልኛል ብሎ አዩብ ከነገረኝ በኋላም በልቤ ውሸታም እያልኩ ስረግምህ ከረምኩ። ሌሊት እየተነሳሁ ነው የምረግምህ፣ ሐምዱ። በአላህ የማለን ሰው! ይሄን ይዤ እንዴት ልጹም?»

 ጎማ የሚለጥፉት ልጆች ሥራቸውን አቁመዋል። ጋሽ ውቤ በራቸው ላይ ወጥተው ቆመዋል።

«አሁን ገብቶኛል» ብላ ቀጠለች። «ዘለለብኝ ያልኩት ደንግጬ ነው። አዩብ ነድቶ አይቶታል፣ ምንም የለበትም። ችኩሏ እኔ ነኝ። አዩብ ሞተሩን ሸጠው፤ አዳማ ላለ ሰው ሸጠው፣ እኔም ሽጠው አልኩት። ለእኔ የሚሆን ነገር አልነበረም።»

ይቺ ለኩሊ መልስ የማታጣ ማሂራ ናት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው የምትናገረው።

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቻለሁ እኮ!  ከዚያ ልጆቹን አየኋቸው፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት።

«አፉ ብዬሻለሁ» አልኩ።

«ለአላህ ብለህ?»

«ለአላህ ብዬ።»

እንባዋ መጣ። ከልጆቹ አንዱ «ማሻአላህ፣ ሐምዱ ሆደ ሰፊ ነው» ሲል ሰማሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ቢያንስ እዚያ ላይ ዝም ብል ምናለ? እኔ ግን ወጉ እንዳይጎድል «አንቺም አፉ በይኝ» አልኳት፤ ለአሥሩ ሰው እንዳልኩት፣ እንደዚያው አድርጌ።

ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ የሳቀችው ያኔ ይመስለኛል። «አንተ ደግሞ ምን አድርገኸኝ! አፉ ብያለሁ፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም። ብርቱካንህንም በልቻለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ።»

ዱላዋን አስተካክላ ሄደች።

ሰረቅኳት። የኪስ ሌባ ይሻላል፤ ሌባ ሞባይል ነው የሚወስደው። እኔ እግሯን ወሰድኩ፣ ሞተሯን ወሰድኩ፣ በራሷ ላይ የነበራትን እምነት ወሰድኩ፣ መጨረሻ ላይ ይቅርታዋንም ምን ይቅር እንዳለች ሳታውቅ ተቀበልኳት።

ጋሽ ውቤ ተሻግረው መጡ። በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ስለዚህ ነገር ያነጋገሩኝ።

«የእናንተን ሕግ አላውቅም» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም በስቼልሃለሁ፣ እኔም አፍሬ ዝም ብያለሁ። ግን ሂድና ንገራት። በዱላ ነው የምትሄደው፣ ትደርስባታለህ።»

«እሺ» አልኳቸው።

ተነሳሁም። በሩ ድረስ ሄድኩ። ማሂራ ገና ጎማ ቤቶቹን እንኳን አላለፈችም ነበር። ጭቃ ሲያጋጥማት ትቆማለች፣ ዱላዋን ታስቀድማለች፣ ያንን የተጠገነ እግሯን ታሳርፋለች፣ ከዚያ ሌላውን ትስባለች። ስሟን ብጠራው ትሰማኝ ነበር። ሩጫም አያስፈልገኝም፣ አሥር እርምጃ ነው። አንድ ደንበኛ «ሐምዱ፣ የእኔ ሞተር ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። ካቻቪቴዬን አነሳሁና ሞተሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ አያታለሁ። እጥፋቱ ጋ እስክትደርስ ሩብ ሰዓት ፈጀባት።