ከታቦር ማዶ የነጋባቸው ወታደሮች

በእስራኤል የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን አረጋውያን ጉብኝት የሚያስተባብረው ዮሃናን አስጎብኚዋን ማዓዛን አስቀድሞ አስጠንቅቋታል፤ ሽማግሌዎቹ እንዳለፈው ጊዜ ካንቀላፉ ሌላ አስጎብኚ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ የታሪክ ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ ያገኘችው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ከአፉላ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው የስንዴ ማሳ ዳር ከአውቶቡሱ አውርዳቸው ማንበብ ጀመረች። «ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እዚህ ሜዳ ላይ ሁለት ሺህ የፈረንሳይ ወታደር ከሃያ አምስት ሺህ የኦቶማን ጦር ጋር ገጠመ...»

አንዱ አዛጋ። ሁለት ሴቶች ወደ አውቶቡሱ ጥላ ሸሹ።

«ጥቂት ሰው ይዞ ሜዳ የሚወጣ ምን ዓይነት እብድ ነው?» አሉ አባ ዘበነ። በደርግ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ወታደር ነበሩ።

«በሌሊት ያንን የታቦር ተራራ ዞረው የኦቶማኖቹን የጦር ሰፈር ሊወርሩ ነበር፤ መንገድ ላይ ነጋባቸው።»

አባ ዘበነ ተራራውን ትክ ብለው አዩት። «ተራራ ሲያዩት ቅርብ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከዚያስ?»

ማዓዛ ወረቀቱን አጠፈችው። «ኑና ቁሙ፤ ላሳያችሁ።»

ሃያውን ሰው ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጋ በአራት ማዕዘን አሰለፈቻቸው። ምርኩዞቹ እንደ ጠመንጃ ተቀሰሩ። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እማማ ምንይሹን መሃል ልታስገባቸው ስትል «ቁስለኛ አደረግሽኝ?» ብለው ከፊት ቆሙ።

«ጉልበትሽስ?» አሉ አባ ዘበነ።

«ጉልበቴ ካንተ ወሬ ይሻላል!»

«ፈረሰኛው በአራቱም በኩል ይመጣል» አለች ማዓዛ። «ኋላችሁን ማየት አትችሉም። አንድ ሰው ከተነቃነቀ በእሱ በኩል ይገባል። ፈረንሳዮቹ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲህ ቆሙ።»

«ውሃስ?» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«ከየት መጥቶ?»

ሳቁ ቆመ። ነፋስ ከታቦር ግርጌ ተነሥቶ ስንዴውን እያጎነበሰ ወደ እነሱ ገሰገሰ። ማዓዛ ስታነበው የከረመችው ሃያ አምስት ሺህ ጦር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣባት ታያት።

ዮሃናን ፔሌፎኑን ከጆሮው ላይ እያነሳ መጣ። «ሹፌሩ እየጠበቀ ነው፤ እንሂድ።»

ማንም አልተነቃነቀም። የእማማ ምንይሹ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ በግራና በቀኝ ያሉት በትከሻቸው ደገፏቸው።

«አባ ዘበነ፣ በቃ እኮ!» አለ ዮሃናን።

«እኔ ብለቅ ከኋላዬ ያሉት ያልቃሉ» አሉ ዞር ሳይሉ። «ልጄ፣ የደረሰላቸው ነበር?»

«ናፖሊዮን መድፍ ይዞ ደረሰ።»

«እንግዲያው እሱ እስኪመጣ እንቆማለን።»

ዮሃናን ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ደውሎ ሹፌሩን ግማሽ ሰዓት ለመነው። «ለሚቀጥለው ወር ሌላ ጦርነት አለሽ?» አላት በሹክሹክታ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል።

ማዓዛ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።