ዘፋኝ የሌለው ካሴት

ኢያቄም ከሰው ይልቅ ከሬዲዮ ጋር ይግባባል። ሬዲዮ ሲከፍቱት ይናገራል፣ ሲዘጉት ዝም ይላል፣ ሲታመምም ፈትቶ የታመመበትን ማየት ይቻላል። ሰው እንዲህ አይመችም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነጥብ ሳይመጣለት ከቀረ ጀምሮ፣ ላሊበላ ላይ ከገበያው ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወርደው ቁልቁለት አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ይዞ ቴፕና ሬዲዮ ሲጠግን ይውላል። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሣ ደንበኛ ሲገባ ኢያቄም ትንፋሹን ይሰበስባል።

ያ ካሴት እጁ የገባው በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ በገና ሰሞን ነው። አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ዎክማኗ ካሴት በልቶባት መጣች። ኢያቄም የተጠላለፈውን ክር እንደ በግ አንጀት ቀስ ብሎ ጎትቶ አወጣና በቢክ እስክሪብቶ ጠንጥኖ መለሰላት። ሴትዮዋ ከደስታዋ ብዛት ካሴቱን ራሱን ትታለት ሄደች። ሽፋኑ ላይ ቢጫ ኮት የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ባሕር ዳር ኦርጋን ዘርግቶ ይስቃል። ኦርጋኑ እዚያ አሸዋ ላይ በምን መብራት እንደሚሠራ ኢያቄምን እስከ ዛሬ ያሳስበዋል።

የመጀመሪያውን ቀን ዘፋኙን ሲጠብቅ ዋለ። መጀመሪያ ቤዝ ጊታሩ መጣ፤ ወፍራም፣ ቸልተኛ፣ ጠግቦ የሚንጎማለል ሰው አካሄድ ያለው። ከበሮው እንደ ሠጋር በቅሎ ከኋላው ተከተለ። ከዚያ ኦርጋኑ ከላይ ሆኖ እየሣቀ፣ ያሰበውን እየረሳ፣ እንደገና እያስታወሰ ያወራ ጀመር። አሁን ዘፋኙ ይገባል፣ አሁን ይገባል ሲል አንደኛው ገጽ አለቀ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ይሆናል ብሎ ገለበጠው። እዚያም የለም። በአራተኛው ቀን መጠበቁን ተወ፤ ያን ጊዜ ነው በደንብ የሰማው።

በአምስተኛው ቀን ደግሞ ንጋት በሱቁ ደጅ አለፈች። አለፈች ማለት አይቻልም፤ ቆመች። ንጋት ከላይ ባለው ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፣ እንግሊዝኛ ታነባለች። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ የሁለተኛውን ገጽ ሦስተኛ ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ሰማችና የካሴቱን ሽፋን አንሥታ አነበበች።

«ጃዝ ነው ይላል። ፈንክ የሚባል ምት ያለበት፣ ለስላሳ ጃዝ።»

ከጎን ሱቅ ልብስ የሚሰፋው አለሜ በግድግዳው ቀዳዳ ሰምቷል። «ለስላሳ ከሆነ መክፈቻ አምጡ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ ንጋት በየቀኑ ከምሳ ሰዓቷ ላይ ስድስት ደቂቃ ቆርሳ ትመጣለች። «ደህና ዋልክ?» ትላለች። «ደህና ዋልሽ?» ይላል። «ሦስተኛውን።» «እሺ።» ሙዚቃው ያልቃል፣ ትሄዳለች። ኢያቄም እሷ ከሄደች በኋላ ሊላት ይችል የነበረውን ሁሉ ለተፈታው ሬዲዮ ይነግረዋል። እሷን ያመጣት ካሴቱ ነው፣ የሚያስቆማት ካሴቱ ነው፤ እሱ ቁልፍ ተጫኝ ነው። ይህን በሚገባ ያውቃል።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ነገሩ በረከት ሆነ። ንጋት ጿሚ ስለሆነች ምሳ የላትም፤ የምሳ ሰዓቷ ሙሉውን ባዶ ነው። ስድስት ደቂቃው አንድ ሰዓት ሆነ! ሁለቱንም ገጽ እየሰሙ ይቆማሉ። በዚህ አያያዝ፣ ብሎ አሰላ ኢያቄም፣ እስከ ደብረ ዘይት በዓል አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ።

ግን በሁዳዴ ዘፈን የለም። ሻይ ቤቱም፣ ጠጅ ቤቱም ዘፈኑን ሰብስቦ መዝሙር ከፍቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ከበሮና ጸናጽሉን ሰቅሏል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ጧፍ የሚሸጡት እትየ ባንቺዓለም ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«አንተ ኢያቄም! የክርስቲያን ልጅ አይደለህም? በሁዳዴ ዘፈን?»

«ዘፈን አይደለም እትየ። ዘፋኝ የለውም።»

«ምነው፣ ሞተ?»

«ኧረ መጀመሪያም የለ። ቃል የለውማ። ቃል ከሌለው ምኑ ዘፈን ይሆናል?»

እትየ ባንቺዓለም አሰቡበት። «ታዲያ እኔ ጧፌን ይዤ ቁጭ ብዬ እግሬ ለምን ይመታል? ሳላዘው! ትናንት አንዲት ተሳላሚ ‹እማማ ያምዎታል?› አለችኝ።»

«ለስላሳ ነው እትየ፤ ጾም አይገድፍም!» አለ አለሜ በቀዳዳው።

«አንተ ዝም በል፣ ቀሚሴን ጨርስ! ይህንስ መሪጌታ ይዳኙት።»

መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ የድጓ መምህር ናቸው። ፊታቸው እንደ ተዘጋ ቤት ነው። አንድ ተማሪ ከዜማው በአንዲት ፀጉር ቢያፈነግጥ ከሦስት ቤት ወዲያ ሆነው ያርሙታል። ነገሩን ሰምተው «ሳልሰማ አልፈርድም፤ ቅዳሜ በአምስት ሰዓት እመጣለሁ» አሉ። ዘፈን ሆኖ ከተገኘ ካሴቱ እስከ ፋሲካ እሳቸው ዘንድ ይቀመጣል።

ኢያቄም ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣ። ካሴቱ ከሄደ ንጋት ምን ልትሠራ ትመጣለች? የተፈታ ሬዲዮ ልታይ? ዓርብ ቀን ሲጨነቅ መፍትሔው ከጣሪያው ላይ መጣ። መብራት ማታ ማታ ብቻ ስለሚመጣ ቴፑ ቀን የሚሠራው በስድስት የባትሪ ድንጋይ ነው። የደከሙትን ድንጋዮች ደግሞ ትንሽ ነፍስ እንዲዘሩ ጣሪያው ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል። ድንጋይ ሲደክም ካሴት ይንቀራፈፋል። ሲንቀራፈፍ ደግሞ... ኢያቄም መሰላሉን ወጣ። ከጣሪያው ላይ በጣም የደከሙትን ስድስቱን መርጦ አወረደ። በዚህ ቅዳሜ ሆቴሉ እንግዳ ስለሚበዛበት ንጋት አትመጣም፤ እሷ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም።

ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሰው ሞልቷል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው መጥተው ከሱቁ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እህል ሊሸጡ የወጡ ገበሬዎች ከነአህያቸው ከበቡ።

«ዘፈን ማለት ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሥጋን ያለ ፈቃዱ የሚያነቃንቅ ነው። እኛ አገር ደግሞ ሥጋ መነቃነቅ የሚጀምረው ከትከሻ ነው። ስለዚህ ስኒ አምጡ።»

አለሜ ልብስ ሲተኩስ ከሚረጨው ውሃ በስኒ ሞልቶ አመጣ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ቀኝ ትከሻቸው ላይ አጥፈው ደለደሉና ስኒውን እዚያ ላይ አስቀመጡ። «ከፈሰሰ ዘፈን ነው። ካልፈሰሰ እትየ ባንቺዓለም እግርዎን ሐኪም ያሳዩ። ክፈተው።»

ኢያቄም ተጫነ። ከቴፑ ውስጥ አንድ ከባድ፣ የተጎተተ፣ ከዋሻ የሚወጣ የመሰለ ድምፅ መጣ። ቤዙ ያቃስታል። ከበሮው አንዴ መትቶ ሁለተኛውን ለመምታት ይመክራል። ኦርጋኑ ኡ... ኡ... እያለ ያዜማል። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስኒዋ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ መስተዋት ረግቷል።

«አይ ጉድ!» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄማ የጾም ዜማ ነው። ስሙት፣ እዚህ ጋ ይረግጣል... እዚህ ጋ ይደፋል... ይሄ ሰው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ገብቶ ተምሯል እንዴ?»

«ባለፈው እንዲህ አልነበረም!» አሉ እትየ ባንቺዓለም። «መሪጌታ ይሙቱ፣ እንዲህ አልነበረም!»

«ጾሙ ገብቶት ይሆናላ» አለ አለሜ።

ኢያቄም ላብ በላብ ሆኖ ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ ከሕዝቡ ኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«ምነው! የካሴቱን ሰውዬ ምን አደረጋችሁት?»

ንጋት ናት። አህያውን፣ ገበሬውን፣ ጆንያውን ገፍታ ገባች፤ እጇ ላይ አዲስ የባትሪ ድንጋይ በፌስታል ይዛለች።

«ትናንት ድምፁ ሲደክም ሰምቼ ነው ያመጣሁልህ። ድንጋይህ አልቋል እኮ! እንዴት እንዲህ ሆኖ ታሰማቸዋለህ?»

«ንጋት... ተይው... ግድ የለም...»

«እንዴት ግድ የለም!» ቴፑን በሆዱ ገለበጠችና የጀርባውን ክዳን ከፈተች።

«ምን እየሆነ ነው?» አሉ መሪጌታ አንገታቸውን ማዞር ስለማይችሉ ወደ ፊት እያዩ። «ቶሎ በሉ፣ አንገቴን!»

ስድስቱም ገቡ። ንጋት ካሴቱን ገልብጣ፣ ወደ ፊት አስኪዳ፣ ሦስተኛው ላይ ለቀቀችው።

ቤዙ ጠግቦ ወጣ። በቅሎዋ ሠገረች። የመሪጌታ ፊት አልተለወጠም፤ የተዘጋው ቤት እንደ ተዘጋ ነው። የግራ እግራቸው አውራ ጣት ግን ከጫማቸው ውስጥ አንገቱን ብቅ አደረገ። ቀጥሎ መቋሚያቸው መሬቱን ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ከዚያ ግራ ትከሻቸው ተነሣ። ስኒው ያለው ቀኙ ላይ ስለሆነ ሕዝቡ ትንፋሹን ያዘ። ኦርጋኑ ያቺን ንጋት የምትወዳትን ቦታ ደረሰ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ቆመና ሣቀ። ያኔ ቀኝ ትከሻቸው ዘለለ። ስኒው ተነሥቶ ውሃው መሪጌታ ጆሮ ውስጥ ገባ።

ሙዚቃው ብቻ ነው የሚሰማው።

«ስኒው ከመጠን በላይ ሞልቶ ነበር» አሉ መሪጌታ።

«እንዲያ ከሆነ ይደገም!» አለ አንድ ገበሬ። «እኔ ከብልባላ የመጣሁት ጤፍ ልሸጥ ነው፤ ይሄ ከተደገመ ግን እስከ ማታም እቆያለሁ።»

ገበያው በሣቅ ፈረሰ። መሪጌታ ጆሯቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እያደረቁ ኢያቄምን አዩት። «ቅድም የሰማሁትስ ማን ነው?»

ኢያቄም መሬት መሬት እያየ «ያው እሱ ነው፣ መሪጌታ» አለ። «ቅድም... ርቦት ነው።»

«አስርበኸው ነዋ!»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከንፈራቸው ሣቅ ይሁን ቁጣ ያልለየለት ነገር ያኝካል። «እንግዲህ ሰምታችኋል። ይህ ሰውዬ ሲጾም እንደ እኛ ያዜማል፤ ሲበላ ይዘፍናል። ስለዚህ እስከ ፋሲካ ይጹም። አንተም ላታለልክበት የስግደቱን ነገር ከነፍስ አባትህ ጋር ጨርስ።» ካሴቱን ከነመነጽራሙ ሰውዬ እጀ ጠባባቸው ኪስ ከተው ሄዱ።

ንጋት ባዶውን ቴፕ፣ ከዚያ የደከሙትን ድንጋዮች፣ ከዚያ ኢያቄምን አየች። «ሆን ብለህ ነው?» አለች። መልሱን ሳትጠብቅ ሄደች።

እሑድ ለኢያቄም ረጅም ቀን ነበር። ሰኞ ደግሞ ከዚያ ረዘመ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮ ፈትቶ አቀረቀረ፤ የፈታው ደህናውን ሬዲዮ ነው።

«ደህና ዋልክ?»

ንጋት ባንኮኒው ላይ ተደግፋለች።

«ደህና... ካሴቱ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ። መሪጌታ ጆሮ ውስጥ ውሃ ሲገባ አይቻለሁ።» ፊቷ አይሥቅም፣ ዓይኗ ግን አልቻለም። «ለምን አስራብከው?»

ኢያቄም ለሬዲዮ ሲነግር የከረመው ሁሉ ጉሮሮው ላይ ተሰለፈ። ማንኛው ይቅደም? «ካሴቱ ከሄደ አትመጪም ብዬ» አለ።

አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር! ደብረ ዘይት ሳይደርስ!

ንጋት ነጠላዋን አጣፋች፣ መልሳ ፈታች። «በል እንግዲህ» አለች። «ሦስተኛውን።»

«በምን?»

«አፍ የለህም?»

ኢያቄም ወደ ጎን አየ፤ የአለሜ ዓይን ቀዳዳው ላይ ነው። ዓይኑን ጨፈነ። ቤዙን በአፍንጫው አመጣው፤ ከበሮውን በመፍቻው የባንኮኒውን ቆርቆሮ እየመታ፤ ኦርጋኑን ደግሞ በጥርሱ መካከል፣ ግማሹን ፉጨት ግማሹን ልመና አድርጎ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረበት። መሄጃ ስላጣ በራሱ መንገድ፣ በጎን በኩል ወረደ።

«ድምፅህ አያምርም» አለች ንጋት። «ድገመው።»

«ኢያቄም!» አሉ እትየ ባንቺዓለም ከማዶ። «ይሄስ አፍ የለውም ልትለኝ ነው?» መሪጌታን ግን አልጠሩም፤ እግራቸው እየመታ ጧፋቸውን አስተካከሉ።

ሰውዬው ሁዳዴን ጾመ፤ ንጋት ግን አንድ ቀን አልቀረችም። ሁለቱም ሳያውቁት ከሙዚቃው ወሬው በለጠ። አንዳንድ ቀን ሦስተኛውን የሚያስታውሳቸው «ዛሬ አይዘፈንም እንዴ?» የሚለው አለሜ ነው።

በፋሲካ ማግስት መሪጌታ ራሳቸው ካሴቱን ይዘው መጡ። «እንካ። እንደ ሰጠኸኝ ነው፣ አልተነካም።»

ኢያቄም በካሴቱ ትንሽ መስኮት ክሩን አየው። የተወሰደው ሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው ላይ እንደ ቆመ ነው። አሁን አንደኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ፣ ክሩ ጥብቅ ተደርጎ፣ በንጹሕ ተጠንጥኗል። አፉን ሊከፍት ሲል መሪጌታ ቀደሙት።

«ያ አራተኛው ላይ፣ ወፍራሙ ድምፅ ድንገት ቀጥ የሚለው... ሆን ብሎ ነው ወይስ ካሴቱ ተበላሽቶ?»

«ሆን ብሎ ነው፣ መሪጌታ።»

«መስሎኝ ነበር» ብለው ወረዱ። ሲወርዱ ከኋላ የሚታየው ትከሻቸው ነው፤ ቁልቁለቱ ይሁን ሌላ ነገር፣ ትንሽ ትንሽ ንቅንቅ ይላል።

በስድስት ሰዓት ንጋት መጣች። ኢያቄም አዳዲሶቹን ድንጋዮች ከትቶ፣ ቴፑን በጨርቅ ወልውሎ ጠብቋታል። ሦስተኛውን ለቀቀላት። ቤዙ መጣ፣ በቅሎዋ መጣች፣ ኦርጋኑ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ቆመና ሣቀ።

በጎን በኩል ግን አልወረደም። ንጋት ግንባሯን ቋጠረች።

«እዚህ ጋ» አለች፣ «ሰውዬው ተሳሳተ።»