የአዴ ወርቅቱ አንቀልባ

«ዶርቃስ፣ ለዚህ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ ተሻለ፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የንፍሮውን ሰሃን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ድምፁን ዝቅ እያደረገ። «ግን ከአዲስ አበባ ስም ዛሬ ላኩ ብለውናል። ምዝገባው ሰኞ ነው። አንቺ ካልሄድሽ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

ዶርቃስ ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። ተሻለ እሷ የምታስተምርበት የማኔጅመንት ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ በእናቷ ቀብር አፈር ከመለሱት አንዱ እሱ ነው። አዲስ አበባ ለዶክትሬት ተቀበሉኝ ብላ የነገረችው ዕለትም ከሷ በላይ የጨፈረው እሱ ነበር።

«ከመሄድህ በፊት እነግርሃለሁ» አለችው። መልሱ ግን አፏ ላይ ነበር። አትሄድም። ልጇን ማን ይይዝላታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሞቲ የሚሠራው ባኮ ነው፤ እነሱ ወዳሉበት አምቦ ብቅ የሚለው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ከቀብሩም ማግስት ወደ ሥራው ተመልሷል። ልጃቸው ሌታ ገና ዳዴን ትቶ መሮጥ የጀመረ፣ ሲበዛ አመለኛ ነው። ሞግዚት ቢቀጠርለት አንዷ በሳምንቷ፣ ሌላዋ በማግስቱ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች። እንቅልፍ የሚወስደው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አያቱ ጀርባ ላይ። እናቷ አዴ ወርቅቱና አባቷ ኦቦ ጀቤሳ «ለአንድ ሳምንት» ብለው ከጌዶ መጥተው በዚያው የከረሙት ለዚሁ ነው። ዶርቃስ ሰኞ ሄዳ ዓርብ ልትመለስ፣ ልጁን አዴ ወርቅቱ ሊይዙላት ተቆርጦ ነበር። ይኸው እሳቸውም አንድ ጧት ልባቸውን ይዘው ወደቁና በዚያው ቀሩ።

ታዲያ ሴትዮዋ ዶክትሬቱን የወደዱት እንዳይመስላችሁ! ዜናውን የሰሙ ዕለት ሽንኩርት መላጣቸውን እንኳ አላቋረጡም።

«የማኔጅመንት ዶክተር ማንን ነው የሚያድነው?» አሉ።

«ሃርሜ ደግሞ!» አለች ዶርቃስ እናቷን። «ይሄ ሌላ ነው። መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚመራ ነው የምናጠናው።»

«አንቺ መቼ ምሳሽን በሰዓቱ በልተሽ ታውቂያለሽ? መሥሪያ ቤት ልትመሪ!»

ምስጋና የሚባል ነገር አፋቸው አያውቅም ነበር። ጎረቤት «እንኳን ደስ አለዎት» ሲላቸው «ምን ደስ አለኝ፤ በእርጅናዬ ልጅ ተሸካሚ ሆኜ ቀረሁ» ይሉ ነበር። ዶርቃስ ይህን በሰማች ቁጥር አንጀቷ እርር ይላል።

በዚያ ላይ የአባቷ ነገር መጣ። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ስትገባ የጓዳው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። የአባቷ ድምፅ ይሰማል፤ «ቀስ ቡሬ... ቀስ በል፣ ቡሬ ኮ...» ቡሬ ጌዶ ሳሉ የሚያርሱበት፣ «ቡሬ ኮ»፣ የኔ ቡሬ፣ እያሉ የሚያባብሉት በሬ ነበር። ከተሸጠ ስንት ዘመኑ! እናቷ ደግሞ እስኪያስላቸው ድረስ ይስቃሉ። በሩ ሲከፈት ኦቦ ጀቤሳ ላብ በላብ ሆነው ዓይናቸውን ከሷ አሸሹ።

«ሃርሜ፣ አባን ምን ነካው?» አለች ኋላ፣ በሹክሹክታ።

«አርጅቷል። በሬው ናፍቆት ነው» አሉና እናቷ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። የአንቀልባቸው ጠፍር ላይ አዲስ ቆዳ እየቀጠሉ ነበር።

«ይሄንንስ ማስረዘም ለምን አስፈለገ?»

«አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ!»

ከዚያ ወዲህም ያንኑ የበሬ ማባበል ደጋግማ ሰማች። አባ መጃጀት ጀምሯል ብላ ለሞቲ በስልክ ነገረችው፤ እየነገረችውም አለቀሰች። እንግዲህ አሁን እናት የለችም። የጃጀ አባትና የሚያለቅስ ሕፃን ጥላ የት ትሄዳለች?

ለማጽናናት ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ዘማሪዎች መዝሙራቸውን ጨርሰው ሲቀመጡ ሌታ ነቃ። ሲነቃም በጩኸት ነው። ከአንዷ ጭን ወደ ሌላዋ ጭን ዞረ፣ ብስኩት ወረወረ፣ የአንዷን ሻሽ ጎትቶ አወለቀ።

«ይኸውላችሁ!» አለች የሟች ታናሽ እህት ኤቢሴ፣ ከእጇ ሊያመልጥ የሚንፈራገጠውን ልጅ እንደምንም ይዛ። «ይሄን ጥላ ልትማር! ዶርቃስ፣ ከእንግዲህ እናትሽ እኔ ነኝ። ትምህርቱ ይቅርብሽ። ቁርጡን ንገሪያቸውና ይረፉ።»

ዶርቃስ ልጇን ተቀበለች። በእሷም እጅ አልበረደም። ተሻለ ሰሃኑን አስቀምጦ ሲነሣ አየችው።

«ተሻለ፣ ስሜን አትላክ። ለሌላ ሰው ስጡት» አለችው።

ምን ያህል ትፈልገው እንደነበር የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

በዚህ ጊዜ ኦቦ ጀቤሳ ከወንዶቹ መካከል ተነሡ። ከቀብሩ ወዲህ ቀና ብለው ሰው አይተው አያውቁም ነበር። ቤት ገቡ። ሲመለሱ አንቀልባውን ይዘዋል።

«ልጁን አምጪ» አሏት።

«አባ፣ ተቀመጥ እንጂ! ምን ልታደርግ ነው?»

ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ዋጠው። ሕፃን ያዘለ ወንድ ማን አይቶ ያውቃል? ያውም ሽማግሌ፣ ያውም ለቅሶ ላይ!

«ኧረ አንተ ሰውዬ!» ኤቢሴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ወርቅቱ ያለችኝ ይበልጥብኛል።»

ዶርቃስ ልጁን ጀርባቸው ላይ አድርጋ አንቀልባውን ደረበችበት። እሳቸውም እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የልጁን መቀመጫ ደገፉ፣ ከፍ አደረጉት፣ ጠፍሩን በትከሻቸው አሳልፈው ደረታቸው ላይ አጣመሩት። ጫፎቹን በእጃቸው እንደያዙ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ። «ቀስ ቡሬ... ቀስ በል፣ ቡሬ ኮ...»

ሌታ ሳግ ተናነቀው፤ ከዚያ ጉንጩን ጀርባቸው ላይ ጣለና ዝም አለ።

ዶርቃስ ወደ አባቷ ጠጋ አለች። «አባ... ያኔ በሩን ዘግታችሁ...»

«እሹሩሩ አላውቅም፤ የማውቀው በሬ ማባበል ነው» አሉ አባቷ። «እናትሽ ሐኪም ቤት ደርሳ መጥታ፣ ይሄ ልቤ አያስተማምንም አለችኝ። ለናንተ እንዳልናገር አስማለችኝ። ‹እኔ ብቀር ልጅቷ እንዳትቀር› ብላ በግድ አስተማረችኝ። መጀመሪያ ቀን ጥዬው ነበር። ፍራሽ ላይ ነው፣ አትደንግጪ።»

«እሷ እኮ ትምህርቱን አትወደውም ነበር!»

«አፏ ነው እንጂ። አፏን አታውቂውም?»

ዶርቃስ እስከዚያች ሰዓት እንግዳ ስትቀበል፣ ወንበር ስታስለቅቅ፣ ሻይ ስታስቀዳ ሁነኛ ለቅሶ አላለቀሰችም ነበር። አሁን እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። በእጇ መዳፍ ጠረገችና ወደ ድንኳኑ በር ዞረች። ተሻለ እዚያው ቆሟል።

«ስሜን ላከው» አለችው።

እሱም ራሱን ነቀነቀና ስልኩን አውጥቶ ወደ ደጅ ወጣ።

ኦቦ ጀቤሳ የጠፍሩን ጫፎች እንደያዙ መቆማቸውን ያየችው ያኔ ነው።

«ቋጠሮው ነው የማይሆንልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ሁልጊዜ እሷ ነበረች የምትቋጥርልኝ። ነገ አሳይሃለሁ ስትለኝ...»

ዶርቃስ ፊታቸው ተንበረከከች። ቆዳው የእናቷን ቅቤ ይሸታል። የተቀጠለው ጠፍር ለእናቷ ቀጭን ወገብ ምን ያህል እንደሚተርፍ፣ በአባቷ ሆድ ዙሪያ ግን ልክክ ብሎ እንደሚገጥም አየች። እናቷ እንደሚያደርጉት አዙራ ቋጠረችው፣ ጫፉንም ሸጎጠችው።

ከዚያ መልሳ ፈታችው፤ ሁለቱን ጫፎች በአባቷ እጆች ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቻቸውን በጣቶቿ ያዘች።

«እየው አባ» አለች። «ይሄኛውን በዚህ በኩል።»